ፍቅሩ የያዛችሁ በስንተኛው ቅጽ ነው?

ይህን ጥያቄ ለውይይት ያቀረብኩት የአንድ ምናባዊ ተከታታይ ልብ ወለድ አራተኛ ቅጽ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨርሼ፣ እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ማግስት ነው። የመጽሐፉን ስም ሆን ብዬ ደበቅሁ። ስሙ ከተጠራ ወሬው ሁሉ ጥሩ ነው፣ የለም መናኛ ነው ወደሚል ንትርክ እንደሚዞር አውቃለሁ። እኔን ያሳሰበኝ መጽሐፉ ሳይሆን አንባቢው ነበር፤ ያውም የአንባቢው ልብ የተያዘባት አንዲት ቅጽበት።

ሐሳቤ ይህ ነው፦ አንባቢ በእንዲህ ያለ ተከታታይ ፍቅር የሚያዘው በመጀመሪያው ቅጽ ሳይሆን በሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ቅጽ ልፋት ነው። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ የትኛው ወንዝ የትኛውን መንግሥት ከየትኛው እንደሚለይ፣ አስማት የሚሠራ ሰው በምላሹ ምን እንደሚያጣ ማጥናት አለብን። በየገጹ ሰምተነው የማናውቅ ስም ይወረወርብናል። እኔ ያን ቅጽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ትቼዋለሁ። በሦስተኛው የጨረስኩት በፍቅር ሳይሆን በእልህ ነው። ሁለተኛውን ቅጽ ስከፍት ግን፣ ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ አንድ በረኛ ብቅ አለ። በመጀመሪያው ቅጽ አራት መስመር ብቻ የተጻፈለት፣ አንድ እግሩን የሚያነክስ፣ ሁሉም አልፎት የሚሄድ ሽማግሌ። ስሙን ሳይ የጠፋ ዘመዱን መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው ክው አልኩ። ለካ አለ! እኔ መጽሐፉን ዘግቼ የራሴን ኑሮ ስኖር እሱ በሩን ሲከፍትና ሲዘጋ ከርሟል። ልቤ የሄደው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ፍቅሩ የሚጀምረው ወደምናውቀው ቦታ ስንመለስ ነው ብዬ ደመደምኩና፣ እናንተስ ብዬ ጠየቅሁ።

ሠላሳ አራት መልስ መጣ። በቅደም ተከተላቸው እተርካቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ ላይ እቆማለሁ፣ አንዳንዶቹን እዘላለሁ።

1ኛዋ መልስ ሰጪ ትሑት ሴት ናት። ጥያቄውን ስላነሳሁ አመሰገነችኝ፤ በሐሳቤም ተስማማች። ሰው ቤት መጀመሪያ የሄድን ዕለት ተቀመጡ የተባልንበት እንደምንቀመጥ፣ በሁለተኛው ግን የውኃ ብርጭቆው የት እንዳለ አውቀን ራሳችን እንደምናነሳ ጻፈች። ምሳሌዋን ከእኔ በረኛ ይልቅ ወደድኩት።

2ኛው ከጅምሩ አፈነገጠ። እሱን ፍቅር የያዘው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ እንኳ ሳይደርስ ነው፤ በካርታው ላይ። ልጅ ሳለ የኡርሱላ ሌ ጉዊንን «ኧርዝሲ» ከፈተና በባሕር ላይ የተበተኑ ደሴቶች አገኘ። ጣቱን ከደሴት ወደ ደሴት እያሻገረ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አሳለፈ። ደራሲዋ ታሪኩን ከመጻፏ በፊት ካርታውን እንደሣለች በኋላ ሲያነብ አልደነቀውም፤ እሱም ያነበበው በዚያው ቅደም ተከተል ነበርና። ከደሴቶቹ መካከል ዳር ላይ ያለች አንዲት ትንሽ መረጠና ጀልባው እዚያ የሚደርስበትን ምዕራፍ ሲጠብቅ መጽሐፉ አለቀ። ማንም አልሄደባትም። ቀጣዮቹን ቅጾች የገዛው በእሷ ምክንያት ነው፤ በእነሱም ማንም አልሄደባትም። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ እንቅልፍ ሲከዳው ወደዚያች ደሴት ይሻገራል።

3ኛው አንድ መስመር ብቻ ነው። እሱን የያዘው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መሆኑን ተናግሮ ሄደ። የየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ እንኳ አልነገረንም፤ ተመልሶም አልመጣ።

4ኛው ሊያርም የመጣ ሰው ነው፤ ትክክል በመሆኑ ደስ የሚለው ዓይነት። የሁለተኛ ቅጽ ፍልስፍናዬ ገና በመጀመሪያው ፈተና እንደሚወድቅ ነገረኝ። የዘመናችን ምናባዊ ልብ ወለድ አባት የሚባለው የቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» ሦስት መጻሕፍት አይደለም። ደራሲው የጻፈው አንድ ታሪክ ነው፤ በውስጡም ለስድስት ክፍሎች ከፍሎታል። በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ተቆርጦ የወጣው ከጦርነቱ በኋላ ወረቀት ውድ ስለነበረና አሳታሚው ኪሳራ ስለፈራ ነው (በዚህ የውይይት ክር ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሦስተኛው ቅጽ ደግሞ መጨረሻው ላይ የሚገቡት አባሪዎች ባለመድረሳቸው ዘገየ። ርእሱንም ደራሲው አልወደደውም፤ የንጉሡን መመለስ ሽፋኑ ላይ አውጆ የታሪኩን መጨረሻ ስለሚያፈስስ። ታዲያ ይላል 4ኛው፣ ሁለተኛው ቅጽ የአንድ መጽሐፍ ወገብ ከሆነ፣ ወገብ ላይ ተመለስኩ የሚል አንባቢ ከየት ወጥቶ ነው የተመለሰው?

መልስ አልነበረኝም። ደግነቱ 5ኛዋ ነበራት፤ በዚህ ክር ውስጥ ከወደድኳቸው ሁሉ የሷ ይበልጣል። 4ኛው ያለው ሁሉ እውነት ነው ብላ ጀመረች፤ ነገር ግን ሁለተኛውን መጽሐፍ የፈለገው በተሳሳተ መደርደሪያ ላይ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1937 የወጣው «ሆቢት» ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ያ ሦስት ቦታ የተቆረጠው ትልቁ ታሪክ። እዚህ ላይ የተፈጸመውም ከእኔ ሐሳብ የባሰ ነው። በ1937ቱ እትም ዋሻ ውስጥ የሚኖረው ፍጡር የእንቆቅልሽ ውድድሩን ቢሸነፍ ቀለበቱን በሽልማት ሊሰጥ ፈቃደኛ ነበር፤ ቀለበቱን ሲያጣው ይቅርታ ጠይቆ እንግዳውን መውጫው ድረስ ይመራዋል። ደራሲው ሁለተኛውን ታሪክ ሲጽፍ ግን ያ ቀለበት የክፋት ሁሉ ሥር ሆነ። እንዲህ ያለውን ቀለበት ማንም በፈቃዱ አይሰጥም። ስለዚህ ቶልኪን ወደ ኋላ ተመልሶ ምዕራፉን እንደገና ጻፈው፤ በ1951 እትም ላይ ጨዋው ፍጡር ሌባ እያለ የሚራገም ሆኖ ወጣ። የድሮውንም ምዕራፍ እንዲሁ አልጣለውም። ቀለበቱን ያገኘው ሰው ለወዳጆቹ የነገራቸው ውሸት ነበር ብሎ ታሪኩ ውስጥ አስገባው። እንደ 5ኛዋ አባባል ሁለተኛው መጽሐፍ ወደ መጀመሪያው የሚመለስበት በር ብቻ አይደለም፤ ገብቶ የቤቱን ዕቃ የሚያዘዋውር ነው። ፍቅርም እንዲሁ ያደርጋል፤ ከወደድን በኋላ የመጀመሪያውን ቀን የምናስታውሰው እንደነበረ አይደለም።

6ኛው ራሱ 4ኛው ነው። የ1951ዱን ነገር እንደሚያውቅ፣ ያልጻፈው ለማሳጠር ብሎ እንደሆነ ገለጸ። እሺ።

7ኛዋ ሌላ ጉድጓድ ቆፈረችልኝ። እሷም በ2ኛው ደሴቶች ውስጥ ነበረች። «ኧርዝሲ»ን በአሥራዎቹ ዕድሜዋ አንብባ ወጣቱን አስማተኛ ወደደችው። ሁለተኛው ቅጽ እጇ ሲገባ ሮጣ ክፍሏ ዘግታ ከፈተችው፤ እሱ የለም። በምትኩ ከቤተሰቧ ተወስዳ ስም ለሌላቸው የጨለማ ኃይሎች አገልጋይ የሆነች አንዲት ልጅ አለች፤ መቃብር፣ የምድር ውስጥ መተላለፊያ፣ ብርሃን የተከለከለበት ቦታ። ገጽ ገለጠች፤ የለም። ምዕራፍ ገለጠች፤ የለም። መጽሐፉን ግድግዳው ላይ ወረወረችው። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ መውጣት ካቃታት ሥራ ውስጥ ሆና፣ አንሥታ እንደገና ጀመረችው፤ በዚህ ጊዜ አስማተኛውን ረሳችው። ያቺ በጨለማው ውስጥ መንገዱን በእጇ እየዳበሰች የምታውቅ፣ ጨለማውንም የራሷ ሀብት አድርጋ የምትኮራበት ልጅ እሷ ነበረች። ወጣቱ ዘግይቶ ብቅ ሲል እንዲያውም ምን ሊያደርግ መጣ ብላ ተቆጣች። እንግዲህ እኔን የያዘኝ በሁለተኛው ቅጽ መሆኑን እመሰክርልሃለሁ አለችኝ፤ ነገር ግን የማውቀውን ሰው አግኝቼ አይደለም፣ አጥቼው ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ምንም አልጻፍኩም። ክሩን የከፈትኩት እኔ ብሆንም።

8ኛው ከዚያው መጽሐፍ ሳይወጣ ወደ ሽፋን ወሰደን። ሌ ጉዊን ዋና ገጸ ባሕርይዋን ቀይ ዳማ አድርጋ ነው የጻፈችው፤ ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት ሽፋን ሠዓሊዎች ነጭ አድርገው ሣሉት፤ በ2004 የወጣው የቴሌቪዥን ድራማም እንዲሁ አደረገና ደራሲዋ በአደባባይ ተቃውሞዋን ጻፈች። 8ኛው ያደገው ከእነዚያ ሽፋኖች በአንዱ ነው። የቆዳውን ቀለም የሚናገረው መስመር ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ዘግቶ ሽፋኑን አየ፤ ከፈተና መስመሩን አየ። ከሁለት አንዱ ይዋሻል። ጽሑፉን አመነ፤ ሽፋኑንም በጋዜጣ ለበደው። ፍቅሩ የያዘው ሽፋኑን የለበደ ዕለት መሆኑን ያወቀው ግን ዘግይቶ ነው።

9ኛው ይህ ሁሉ ከጥያቄው ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው ጠየቀ። 10ኛው ግንኙነት ለማየት ማንበብ መቻል እንደሚያስፈልግ መለሰለት። የመጀመሪያው ጥፍር የወጣው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከ11 እስከ 13 ያሉት ስለ መደርደሪያ ናቸው። የአንዱ ተከታታይ አራተኛ ቅጽ ከወንድሞቹ በአንድ ጣት ይረዝማል፤ የሌላው አሳታሚ መሀል ላይ ሽፋን ቀይሮበት መደርደሪያው ጥርስ እንደጎደለው አፍ ሆኗል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አጽናና። ጉዳዩን የናቅሁት አይምሰላችሁ፤ የእኔም ሦስተኛ ቅጽ ያጥራል።

14ኛው ላይ አየሩ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም እርስ በርሱ በ«እርስዎ» ወይም በስስ «አንተ» ነበር የሚነጋገረው። ይህ ሰው የጀመረው በ«እናንተ» ነው፤ የአክብሮቱ ሳይሆን በጅምላ የሚያስቀምጠው። ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ስለ ዘንዶና ስለ ቀለበት ሲላቀሱ ማየት እንደሚያሳፍረው፣ ዓለም በእውነተኛ መከራ ተሞልታ ሳለ የሌለ አገር ካርታ ላይ ጣት ማንሸራሸር ከኑሮ መሸሽ እንደሆነ፣ ጎበዝ አንባቢ ስለ ሰው የተጻፈ እንደሚያነብ ዘረዘረ። ጽሑፉ ያማረ ነበር፤ እሱ ነው የሚያናድደው።

15ኛው ወደ «አንተ» ወርዶ መለሰለት። የጻፈውን አልደግመውም፤ የሰውየውን ትምህርት፣ መነጽርና የትዳር ሁኔታ ከመጠራጠር ያለፈ ቁም ነገር አልነበረበትም።

16ኛው ጠብ ሳይፈልግ ወደ ቃላት ገባ፤ ቋንቋ የሚያስተምር ሰው መሆኑን ከአጻጻፉ ጠረጠርኩ። የታሪክን ጊዜና ቦታ መቼት ብለን እንጠራለን፤ ቃሉ ከ«መቼ» እና ከ«የት» የተሰፋ ነው። ስለ ሰው የተጻፈ የተባለውም ልብ ወለድ ያቺ ቤት፣ ያቺ ሌሊት ኖራው አታውቅም፤ መቼውም የቱም ደራሲው የሰፋው ነው። ልዩነቱ የስፌቱ ብዛት እንጂ ሌላ አይደለም። ቀጥሎም አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት፣ የአማርኛ የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለድ የሚባለው መጽሐፍ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» መሆኑን አስታወሰ። ስሙን ስናወጣለት ዓይን ያየው አላልንም፣ ልብ የወለደው አልን፤ ልብ ደግሞ ዘንዶ ቢወልድ የሚከለክለው የለም። ስለ መሸሽም ቶልኪን በአንድ ድርሰቱ እስረኛ ማምለጡንና ወታደር መክዳቱን አትቀላቅሉ ማለቱን ጨመረ።

17ኛው የዘንዶ ጠላታችን ነው። ከቃላት ጨዋታ ማምለጥም ማምለጥ ነው ሲል መለሰ። ጥሩ አባባል መሆኑን ሳልወድ አመንኩ።

18ኛው መልስ ለማንም የተጻፈ አይመስልም። እናቱ በታመመችበት ዓመት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ረጅም ተከታታይ ያነብላት ነበር። መጀመሪያ የመረጠው በርዝመቱ ብቻ ነው፤ ቶሎ የሚያልቅ ነገር መጀመር ፈርቶ። እሷ በዕድሜዋ አንድም እንዲህ ያለ መጽሐፍ አንብባ አታውቅም፤ ስሞቹን እያሳጠረች፣ ክፉውን ንጉሥ የጎረቤታቸውን ስም ሰጥታ ተከተለችው። ማታ ማታ ሐኪሞቹ ስለ እሷ የሚሉትን ከሰማ በኋላ ሲገባ የምትጠይቀው ስለ ራሷ ሳይሆን ልጆቹ ከዋሻው ወጡ ወይ ብላ ነው። ሦስተኛው ቅጽ መሀል ላይ አረፈች። የቀረውን እስከ ዛሬ አላነበበም፤ ገጹ እንደታጠፈ አለ። መሸሽ ነው ካላችሁ፣ ብሎ ጻፈ፣ ብቻዬን አልሸሸሁም።

19ኛው አንድ መስመር ነው። ያው ሰው፣ የዘንዶው ጠላት። በእናቱ ሐዘን ማዘኑን ገለጸ፤ «እርስዎ» ብሎ።

ከዚህ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ማንም አልጻፈም። ዝምታውን የሰበረው 20ኛው፣ በተከታታይ መጽሐፍ ወዳጆች መካከል ሁልጊዜም የሚነደውን እሳት ይዞ መጣ፦ ያልተጨረሰ ተከታታይ። የጆርጅ ማርቲንን የ«በረዶና የእሳት መዝሙር» ቅጾች በዓመታቸው ደረደረ፤ 1996፣ 1998፣ 2000፣ 2005፣ 2011። ሲጀመር ሦስት ቅጽ እንዲሆን የታሰበ ነው። አራተኛው እጅግ ስላበጠ ደራሲው ገጸ ባሕርያቱን ለሁለት ከፈላቸው፤ የግማሾቹን ዕጣ በ2005 ሰጠን፣ የቀሩትን ስድስት ዓመት አስጠበቀን። ስድስተኛው ገና ነው። የቴሌቪዥኑ ድራማ ከኋላ ተነሥቶ መጽሐፉን ቀድሞ በ2019 አለቀ። 20ኛው የመጀመሪያውን ቅጽ ያነበበው ተማሪ ሳለ ነው፤ አሁን ያው ቅጽ ከልጁ አልጋ ሥር ይገኛል፤ አንብብ ልበለው ወይስ ልደብቅበት ብሎ ጠየቀን። ፍቅር የያዘኝ በስንተኛው ቅጽ እንደሆነ ሳይሆን፣ በስንተኛው ቅጽ እንደሚለቀኝ ንገሩኝ ብሎ ጨረሰ።

21ኛዋ ደራሲ ዕዳ የለበትም አለች። ገንዘብ ከፍላችሁ አንድ መጽሐፍ ገዛችሁ፣ አንድ መጽሐፍ ተቀበላችሁ፤ ሒሳቡ ተዘግቷል። ደራሲ የቀን ሠራተኛ አይደለም፤ ሰው የሚጽፈው ሲመጣለት ነው። 22ኛው በቁጣ ተነሣ። ጀርባው ላይ «አንደኛ ቅጽ» ተብሎ የታተመ መጽሐፍ ቃል ኪዳን ነው አለ፤ አንድ ብሎ የጀመረ ሰው ቁጥር መቁጠር ጀምሯል። ሒሳቡ ተዘግቷል የምትለዋ ሴት በፍቅር ተይዛ እንደማታውቅም አከለ። 21ኛዋ ተመልሳ በፍቅር ተይዛ እንደምታውቅ፣ የተያዘችበትን ሰው ግን ቤቱ ድረስ ሄዳ መቼ ትጨርሰኛለህ ብላ በሩን እንዳልደበደበች ጻፈች፤ ይህ 23ኛው ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉም ወደ «አንተ» እና «አንቺ» ወርዶ ነበር። አወያዩ ገብቶ ለሁለቱም ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ የሱን አልቆጠርኩትም።

ፍርድ ስጥ ካላችሁኝ ልቤ ከ22ኛው ጋር ነው፣ ጨዋነቴ ከ21ኛዋ ጋር። ያ «አንደኛ» የሚለው ቃል እውነትም ቃል ነው። ነገር ግን ቃል የሰጠ ሁሉ እንዲፈጽመው ዕድሜና አእምሮ ይሰጠዋል ማለት አይደለም።

ይህንን በትክክል ያሳየን 24ኛው ነው። ሮበርት ጆርዳን «የጊዜ መንኮራኩር»ን በ1990 ጀመረ፤ በ2007 በሕመም ሲያርፍ አሥራ አንድ ቅጽና አንድ መነሻ ታሪክ አሳትሞ መጨረሻው ቀረ። መሞቱ እንደማይቀር ስላወቀ ማስታወሻ ጽፎ፣ መጻፍ ያልቻለውን በቃሉ ነግሮ ሄደ። ሚስቱ ሃሪየት ማክዱጋል የመጻሕፍቱ አርታኢም ነበረች፤ ብራንደን ሳንደርሰን የተባለውን ወጣት ደራሲ መርጣ የቀረውን አደራ ሰጠችው። አንድ ቅጽ ይበቃል ተብሎ የተጀመረው ሦስት ሆነ፤ በ2009፣ በ2010 እና በ2013 ወጥቶ በአሥራ አራተኛው ቅጽ ተቋጨ። 24ኛው እነዚያን ሦስቱን ያነበበው የእንጀራ አባት እንደመጣበት ልጅ እየገላመጠ ነው። ከገጸ ባሕርያቱ የአንዱ ቀልድ ተለውጦበታል፤ ቃላቱ ያው ናቸው፣ የሚስቀው ግን ሌላ ሰው ነው። በዚህ ተናዶ አንድ ሌሊት አቆመ። በማግስቱ ሲቀጥል አንድ ነገር ተገለጠለት፦ ይህ ጸሐፊ እንደ እሱ አንባቢ ነበር። ያንን መጽሐፍ በልጅነቱ የወደደ፣ መጨረሻውን እንደ ሁላችን የጠበቀ ሰው ነው እየጻፈው ያለው። ከዚያ በኋላ ቀልዱን ይቅር አለው።

25ኛዋ ሁላችንንም አሳረፈችን። እሷ ተከታታዩን በዓይኗ አነበበች፣ ባሏ ደግሞ መኪና ሲነዳ በድምፅ ሰማው፤ የጀግናውን ስም ሁለቱ በሁለት ዓይነት ይጠሩታል። ሁለት ዓመት ሆኗቸው ማንም አልተሸነፈም። እሷ የባሏ አጠራር የሌላ ሰው ስም ስለሚመስላት፣ እሱ ስለ ጀግናው ሲያወራ ስለማታውቀው ሰው የሚያወራ ይመስላታል።

26ኛው የሲ. ኤስ. ሉዊስን «ናርኒያ» በየትኛው ቅደም ተከተል ማንበብ እንዳለበት ጠየቀ፤ ከርእስ የወጣ መስሎኝ ልዘለው ነበር። ሰባቱ መጻሕፍት ከ1950 እስከ 1956 በየዓመቱ አንድ አንድ ወጡ። የዚያ ዓለም አፈጣጠር የሚተረክበት ግን በ1955፣ ስድስተኛ ሆኖ ነው የታተመው። 27ኛው በታሪኩ ጊዜ ቅደም ተከተል አንብብ አለው፤ ሲ. ኤስ. ሉዊስ ራሱ ለአንድ ልጅ በጻፈው ደብዳቤ ወደዚያው እንዳዘነበለና በኋላም አሳታሚዎች ቁጥሩን በዚያ መሠረት እንደቀየሩት ጠቅሶ። 28ኛዋ ተቃወመች፤ ተቃውሞዋም ሳታስበው ወደ እኔ ጥያቄ መለሰን። በታተመበት ቅደም ተከተል የሚያነብ ልጅ፣ በረዶ የዋጠው ጫካ መሀል ብቻውን የሚበራ የመንገድ መብራት ያገኛል። ማን እንደተከለው፣ ለምን እንደማይጠፋ የሚነግረው የለም። አምስት መጽሐፍ ሙሉ ያ መብራት በልቡ ሲበራ ይኖራል። ስድስተኛው ላይ ከየት እንደመጣ ያያል፤ ያን ጊዜ የሚሰማው ስሜት ከተከታታይ መጽሐፍ ውጭ የትም አይገኝም። ከአፈጣጠሩ የጀመረ ልጅ ግን መብራቱን ሲያየው ያውቀዋል፤ ዐወቅሁት ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ይላል የ28ኛዋ መልስ፣ መመለስ ብቻውን አይበቃም፤ ሳይገባን ትተነው የሄድነው ነገር መኖር አለበት።

በረኛዬን አሰብኩ። አራት መስመር ብቻ የሆነው ለዚህ ይሆን?

29ኛው ደግሞ በቀጥታ ስለ በረኛው ጻፈ። ተከታታዩን እንዳወቀው፣ መደበቄም ከንቱ እንደሆነ ገልጾ አንድ ስም ጠራ። አልነበረም። 30ኛዋ 29ኛው መሳሳቱን አስረድታ ሌላ ስም ጠራች፤ በእሷ ተከታታይ ውስጥም የሚያነክስ በረኛ አለ። እሱም አልነበረም። 31ኛው ሦስተኛ ስም ይዞ መጣ፣ በረኛው ሳይሆን ጀልባ ቀዛፊ ነው ግን ያነክሳል ብሎ። ሦስቱም እርግጠኞች ነበሩ። ሦስቱም ስለዚያ ሰውዬ የጻፉት በእኔው ስስት ነው፤ አንዳቸው እንዲያውም ስለ በትሩ ሦስት መስመር ጨመረ። ይህን ያህል የሚያነክስ በረኛ በየመጽሐፉ እንዳለ አላውቅም ነበር።

32ኛው በትክክል አወቀው። ያወቀው ከበረኛው ሳይሆን አራተኛውን ቅጽ ማታ ጨርሼ መተኛት አለመቻሌን ከጻፍኩት ነው፤ እሱም መተኛት ያልቻለው እዚያው ላይ ነበርና። የመጽሐፉን ስም አልጠራም፤ ጨዋ ነው። ነገር ግን በደግነት፣ ልቤን እንዳዘጋጅ ብሎ፣ በአምስተኛው ቅጽ በረኛው ምን እንደሚሆን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈልኝ።

33ኛው መልስ የአወያዩ ነው፤ 32ኛውን ሰረዘና ታሪክ አስቀድሞ ማውጣት ክልክል መሆኑን አሳሰበ። የተሰረዘው እኔ ካነበብኩት በኋላ ነው።

34ኛዋ የመጀመሪያዋ ትሑት ሴት ናት። ያን የተሰረዘ መልስ አይቼው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላየሁትም ብዬ መለስኩላት፤ የራሴን መልሶች አልቆጠርኩም።

አምስተኛው ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ሳምንት ሆነው። አልከፈትኩትም። ትናንት በምትኩ የመጀመሪያውን ቅጽ አውጥቼ፣ ያን ሁለት ጊዜ የተውኩትን፣ የበረኛውን አራት መስመሮች ፈለግሁ። ስሙ አለ፤ በሩ አለ። ማነከሱም አለ፣ ግራ እግሩን፤ እኔ ሁልጊዜ በቀኙ ነበር የማስኬደው። አራቱን መስመሮች ደግሜ ደጋግሜ አነበብኳቸው፤ ከእነሱ በፊት ያለውን ገጽና በኋላ ያለውንም ጭምር። ሽማግሌ መሆኑን የሚናገር አንድም ቃል የለም።